የመንገደኛዋ ጀማ

ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ማርስ ከወግዲ ቀጥሎ ያለ ወረዳ ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። አባቴ «ሜዳው ከወግዲ ሜዳ ይሰፋል» ይላል፤ ሾፌሩ አወቀ «አሸዋው ከአባይ በረሃ ይብሳል» ይላል፤ እትዬ ሀሊማ ደግሞ «ብርዱ ከወረኢሉም ይከፋል አሉ» ትላለች። እንዲህ በጎረቤት አገር እየተለካ የሚወራ ቦታ ሰማይ ላይ መሆኑን በምን ልወቅ? አወቀ አንድ ቀን በኢሱዙው ይወስደኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ይህ ስህተቴ ብዙ አልቆየም። አባቴ አንድ ምሽት ደጅ አውጥቶ ቀይዋን ኮከብ በጣቱ ሲያሳየኝ ታረመ፤ ኢሱዙ እንደማይደርስ ገባኝ። ጋሽ ሙላው ስለሚባል እንግዳ የነበረኝ ስህተት ግን ዓመታት ፈጀ። እሱን ስነግር ሁልጊዜ ከኩራት ነው የምጀምረው፤ ዛሬም ከዚያው ልጀምር። መካነ ሰላም ውስጥ ማርስ ላይ ዘመድ የነበረን እኛ ብቻ ነበርን።

ነገሩ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። አባቴ ቸኮል የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ማታ ማታ ከውጭ የሚተላለፈውን የአማርኛ ሬዲዮ ጆሮው ሥር ለጥፎ ያዳምጣል። አንድ ቀን፣ ስድስት እግር ያላት፣ ሰው የማይነዳት ተሽከርካሪ ማርስ ላይ በሰላም አረፈች የሚል ዜና ሰማ። በማግስቱ ለጎረቤታችን ለእትዬ ሀሊማ ነገራት። እትዬ ሀሊማ የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሱቋ ከአጥራችን ጋር የተያያዘ ነው።

«ብቻዋን ናት?» አለችው።

«ብቻዋን።»

«እዚያ የሚቀበላት ዘመድ የለም?»

«ዘመድ ቀርቶ ትንኝ የለም።»

እትዬ ሀሊማ የምትለካውን ካኪ አቁማ የእንጨት ሜትሯን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያውስ እኛ እንጠይቃት እንጂ» አለች።

ጀማው፣ ለዱዓ የሚሰበሰበው ማኅበራችን፣ የተጀመረው እንዲህ ነው። በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋና ጓዳው ውስጥ፣ በጣቃ ጨርቆች መካከል፣ ሰሌን ይነጠፋል። የእትዬ ሀሊማ እናት እማማ ኡሙልኸይር በዱዓ ይከፍታሉ። አባቴ ያማትባል፣ እሳቸው እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ «አሚን» የሚባለው ግን አንድ ላይ ነው። ተሽከርካሪዋ ስሟ ኦፖርቹኒቲ ነበር። እማማ ኡሙልኸይር ሁለት ጊዜ ሞክረው አፋቸው አልገባ ሲላቸው «ተዉት፣ መንገደኛዋ እንበላት» አሉ። መንገደኛ ደግሞ በእኛ አገር ይመረቃል እንጂ የማን ነህ አይባልም።

ከዱዓው በኋላ አባቴ የሳምንቱን ወሬ ይነግረናል። አወቀ ጭነት ይዞ ደሴ በሄደ ቁጥር ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ፎቶ አሳትሞ ይመጣል። ፎቶው ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው አፈርና የጎማዋ ዱካ ነው፤ ጀማው ያንን ዱካ እየተቀባበለ ያየዋል። «ጎማዋ ደህና ነው፤ ገና አልተበላም» ይላል አወቀ፣ የራሱ የኢሱዙ ጎማ ሸራው እየታየ። መጨረሻ ላይ አቡጀዲው ይዘረጋል። አባቴ በእርሳስ የማርስን ሜዳ ነድፎበታል፤ ጉድጓዱን፣ ቋጥኙን፣ የአሸዋውን ክምር። እትዬ ሀሊማ ደግሞ መንገደኛዋ በዚያ ሳምንት የሄደችበትን መንገድ በቀይ ክር ትሰፋለች።

ጋሽ ሙላው የመጣው በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው። በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና «አላፊ ነበርኩ፤ ድምፅ ብሰማ ነው» አለ። አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እንደሚሠራ ከተማው ያውቃል፤ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም።

«ግባ ልጄ» አሉት እማማ ኡሙልኸይር። «የዱዓ ቤት በር የለውም።»

ሲገባ ሁሉም ዝም አለ። አወቀ ሬዲዮኑን ከጣቃ ሥር ከተተው፤ ለእንግዳው ቦታ ያሰፋ መሰለኝ። አባቴ ተነሥቶ የራሱን መቀመጫ ለቀቀለት። እኔ የማውቀው እንዲህ ዝም የሚባለው ቄስ ወይም ሸህ ሲገባ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው በጣም የተከበረ መሆን አለበት አልኩ።

«ይሄ ቀይ መስመር ምንድን ነው?» አለ አቡጀዲውን እያየ።

ማንም ስላልመለሰ እኔ መለስኩ። «የምትሄድበት መንገድ ነው።»

«ማነው የሚያዛት?»

«ትእዛዙ ከውጭ አገር ነው የሚመጣው» አልኩ ኮራ ብዬ።

«እሺ፣ ቀጥሎ የምትሄደው ወዴት ነው?»

«እሱን ገና አልነገሩንም።»

ጀማውን በሙሉ ባንድ ጊዜ ሳል ያዘው። እናቴ ፈንታዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እንግዳ ፊት ስለተንቀዠቀዥኩ መሰለኝ።

ያን ቀን ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ጉንፋን እንዳልያዘው ዛሬ አውቃለሁ። ዘመኑ የ1997ቱ ምርጫ የደረሰበት ነበር። በየሳምንቱ ተሰብስቦ የውጭ ሬዲዮ የሚያወራ፣ ካርታ ዘርግቶ ቀይ መስመር የሚሰፋ ሰው በደህና ዓይን አይታይም። ከአባቴ ጋር ያስተምር የነበረ አንድ መምህር ከዚህ ባነሰ ነገር ሥራውን አጥቶ ነበር። ጋሽ ሙላው የተላከው በማርስ ስም ምን እንደምንዶልት ሰምቶ እንዲመጣ ነው።

እኔ የማውቀው ጋሽ ሙላው ግን የጀማው ጎበዝ ተማሪ ነበር። አንድም እሁድ አይቀርም። ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ይቀመጥና ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰሞን የሚጠይቀው ስለ ሰው ነበር፤ ማን አመጣው፣ ማን ነገራችሁ፣ ሌላ ማን ይመጣል። የገና በዓል ካለፈ በኋላ ሌላ ሌላ ነገር መጠየቅ ጀመረ። ፀሐይ ስትጠልቅ ምን ታደርጋለች? ብርዱ አይጎዳትም? የሦስት ወር ዕድሜ ሰጥተው የላኳት እስካሁን በምን ቻለች? አንድ ቀን «መንገደኛችን» ሲል ሰማሁት። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ስለሚሰጠኝ ደግሞ በእኔ ዘንድ ከአወቀም በልጦ ነበር።

አንድ ምሽት እናትና አባቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እናቴ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ቸኮል፣ ሰውየው የሚመጣው ለመንገደኛዋ ብሎ አይደለም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ለምን አትተወውም? ያለን ያንተ ደመወዝ ብቻ ነው። ነገ ከሥራ ቢያስወጡህ ምን እንሆናለን?»

«አሁን ብንበተን ጥፋት ነበረባቸው ይባላል።» አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ሰውየው ጥያቄው እየተለወጠ ነው፤ አላስተዋልሽም?»

እናቴ በጋሽ ሙላው ቀንታ እንደሆነ ደመደምኩ። እሷ የማርስን ነገር በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ስለምታፈስ፣ ሰው ሲጎብዝ አይታ ተናደደች አልኩ።

ሚያዝያ ላይ አወቀ ከደሴ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ያመጣው ፎቶ ላይ የመንገደኛዋ ጎማ እስከ ግማሹ አሸዋ ውስጥ ሰጥሟል። አባቴም በሬዲዮ ሰምቷል፤ ይዟታል፣ ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ ብላለች።

ክረምት ላይ መኪና ጭቃ ሲይዘው የመካነ ሰላም ሰው አያልፍም። ሱቁን የሚዘጋ ይዘጋል፣ ነጠላውን የሚያሸርጥ ያሸርጣል፣ ከኋላ ተደርድሮ ይገፋል። ሾፌሩን ማወቅ አያስፈልግም፤ አይቶ ያለፈ ሰው ስሙ ለዓመት ይነሣል። ያን እሁድ ግን ጀማው ፎቶውን ይዞ፣ ሊገፋው የማይችለውን ነገር እያየ ቁጭ አለ።

«ይቺ እኮ ታኮ የሚያደርግላት ረዳት እንኳ የላትም» አለ አወቀ።

እትዬ ሀሊማ መርፌዋን ክሩ በደረሰበት ቦታ አቡጀዲው ላይ ሰክታ ተወችው። እስክትወጣ ድረስ አልነካውም አለች።

ጋሽ ሙላው ፎቶውን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። «ሰዎቹ ምን አሉ?» ብሎ አባቴን ጠየቀው።

«እንደሷ ያለች ሌላ ሠርተው አሸዋ ላይ አቁመው እየሞከሩ ነው። እዚህ ምድር ላይ ያለችው ከወጣች ያችኛዋን በዚያው ዘዴ ያዟታል።»

«ካልወጣችስ?»

አባቴ ፎቶውን መልሶ ተቀበለው። እማማ ኡሙልኸይር የዱዓ መቁጠሪያ ሙሰባሃቸውን አስቀመጡ። «እጃችን ካልደረሰ ዱዓችን ይድረስ» አሉ። «በሚመጣው እሁድ ሁላችሁም ሐጃችሁን ይዛችሁ ኑ።»

በእኛ አገር ዱዓ ላይ የተቀመጠ ሰው ሐጃውን፣ የልቡን ጉዳይ፣ በሰው ፊት ያወጣል፤ ጀማው ይመርቅለታል። መደበቅ ነውር ነው፤ መዋሸትማ አይታሰብም። እሁድ ሲደርስ በየተራ ተናገሩ። እትዬ ሀሊማ «መንገደኛዋን አላህ ያውጣልኝ» አለች። አወቀ «እሷንም፣ የእኔንም ኢሱዙ» አለ፤ ሰው ሳቀ። አባቴ «ለእሷ መውጫ፣ ለአገራችን ሰላም» አለ። ከዚያ ተራው የጋሽ ሙላው ሆነ።

እሱ ጉልበቱን ይበልጥ ገጠመ። ግንባሩ አልቦት ነበር።

«እዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን ለበላይ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ቀኑ ደርሷል። አላቀርብም ማለት አልችልም፤ የልጆች አባት ነኝ። እንዴት አድርጌ እንደማቀርበው ግን ቸግሮኛል። ዱዓ አድርጉልኝ።»

አወቀ ዞሮ አባቴን አየው። እማማ ኡሙልኸይር ብቻ ሳይደነግጡ እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ የዚህን ልጅ አንደበት ለኸይር አድርገው። ያየውን እንዳየው ይናገር። ለእሱም ለእኛም ማፈሪያ አታድርገው።»

«አሚን» አለ ጀማው። የአባቴ «አሚን» ከሁሉ ዘግይቶ መጣ፤ ግን መጣ።

እኔ በደስታ መቀመጥ አቃተኝ። ለወላጆች ቀን ግጥም እንዳነብ ስመረጥ እንቅልፍ አጥቼ ስለነበር የጋሽ ሙላው ላብ ገብቶኛል። የእኛ ጀማ ነገር በትልልቅ ሰዎች ፊት ሊቀርብ ነው። እሱ ደግሞ ባዶ እጁን ሊሄድ ነው። ብድግ ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩና ቆርቆሮዬን ይዤ መጣሁ።

ቆርቆሮዬ የራሴ መንገደኛ ናት። አካሏ የሰርዲን ጣሳ ነው። ስድስቱ ጎማዎቿ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ በሽቦ አያይዤ እንዲሽከረከሩ አድርጌአቸዋለሁ። ጀርባዋ ላይ ለፀሐይ መቀበያ የሲጋራ ወረቀት ለጥፌ፣ አንገቷን ከእንጨት፣ ዓይኖቿን ከሁለት ቁልፍ ሠርቻለሁ። ቁልፎቹ ከእትዬ ሀሊማ ሱቅ ናቸው።

«ጋሽ ሙላው፣ እንዲህ ናት ብለህ አሳያቸው» አልኩት።

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። አባቴ ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። ጋሽ ሙላው ግን ተቀብሎኝ ነበር። ገለበጣት፣ ቆርኪዎቹን በጣቱ አሽከረከራቸው።

«ማነው የሠራት?»

«እኔ።»

«ማን አሳየሽ?»

«ማንም። ከፎቶው አይቼ ነው።»

እትዬ ሀሊማ ቁራጭ ካኪ ሰጠችው። ቆርቆሮዬን ጠቅልሎ በብብቱ ይዟት ወጣ።

ከዚያ በኋላ እሁድ መጥቶ እሁድ ቢያልፍ ጋሽ ሙላው አልመጣም። እናቴ የአባቴን ሹራብ፣ ብርድ ልብስና ሳሙና በአንድ ቦርሳ ከትታ በር ኋላ አስቀመጠች። ጠይቄያት «አባትሽ ምናልባት ይጠራ ይሆናል» አለችኝ። አባቴ ሊሸለም ደሴ የሚጠራ መሰለኝ። ይህንንም ለክፍል ጓደኞቼ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር እናቴ ስትደነግጥ እኔ ሮጬ ወጥቼ አያለሁ። ሰው ያባቱን ሽልማት በጉጉት ቢጠብቅ ምን ይገርማል?

ግንቦት ሲያልቅ አንድ ጠዋት አወቀ ጥሩምባውን እየነፋ ከተማውን አቋረጠ። መንገደኛዋ ወጥታለች። ሰዎቹ ጎማዋን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ፣ በመጣችበት ወደ ኋላ እየመለሱ፣ አሸዋውን አስለቅቀዋታል። እሁድ ዕለት ጓዳው በሰው ጢም አለ። ዱዓው ሳይጀመር በሩ ተንኳኳና ጋሽ ሙላው ገባ። የዚያን ቀን «አላፊ ነበርኩ» አላለም።

«ወጣች አይደል?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ማን ነገረህ?» አለ አባቴ።

«አለቃዬ። ጠዋት ጠርቶ ነገረኝ፤ በሬዲዮ ሰምቶ ነው።»

«በየትኛው ሬዲዮ?» አለ አወቀ።

«በዚያው» አለ ጋሽ ሙላው።

አባቴ ሳቀ። ሳቁን ማቆም አቅቶት መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ። ለመንገደኛዋ ያለቀሰ መስሎኝ እኔም አብሬው አለቀስኩ። እትዬ ሀሊማ መርፌዋን ነቅላ መስፋት ጀመረች። ማታ እናቴ ቦርሳውን ፈታ ሹራቡን ወደ ሣጥን ስትመልስ ግን ሽልማቱ ቀረ ብዬ አኮረፍኩ። የተጽናናሁት ጋሽ ሙላው በነገረኝ ነገር ነው፤ ቆርቆሮዬ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ናት፣ አልመልስም ብሏል አለኝ። ይህንን ብቻ ዓመታት ሙሉ ተኩራርቼበታለሁ።

መንገደኛዋ ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ሄደች። ለሦስት ወር ተብላ የሄደች ልጅ እኔን ከአንደኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ አደረሰችኝ። በ2010 ሰኔ ላይ የአቧራ ማዕበል ፀሐይዋን ሸፈነባትና ዝም አለች። በ2011 የካቲት ላይ ሰዎቹ በቃ አሉ። እኔ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ክፍል ሥራ ጀምሬ ነበር። አባቴ ደወለልኝ።

«ነይ» አለኝ። «ክሩን እንቋጥረው።»

ጓዳው ያው ነው። እማማ ኡሙልኸይር አልፈዋል፤ ይቀመጡበት የነበረውን የሰሌን ጫፍ ማንም አልተቀመጠበትም። ዱዓውን እትዬ ሀሊማ ከፈተች። አወቀ ሸብቷል፣ አባቴ ጡረታ ወጥቷል፣ እናቴም አብራው መጥታለች። ጋሽ ሙላው ትንሽ ዘግይቶ በከዘራ ገባ። በብብቱ በካኪ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሲፈታው ያችው የሰርዲን ጣሳ ናት። አንድ ቆርኪ ጎድሏታል።

«አለቃዬ ሲዛወር መለሰልኝ» አለ። «ያን ጊዜ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አሁን ሁላችንም ጡረተኛ ነን፤ ልንገርሽ።»

ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ።

«አለቃዬ፣ ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ አለኝ፤ እንደምንም አስረዳሁ። መሪያቸው ማነው ሲለኝ መልሱ ያባትሽ ስም ነበር። እንዲያ ብል በማግስቱ ሥራውን ያጣል፤ ምናልባትም ከዚያ ይከፋል። ስሙ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። እማማ ያሉት ትዝ አለኝ፤ ያየውን እንዳየው ይናገር። ያየሁት ምንድን ነው? የጠየቅሁትን ሁሉ ስትመልሺልኝ የከረምሽው አንቺ ነሽ። ይቺን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና መሪያቸው ይህችን የሠራች ልጅ ናት፣ ስምንት ዓመቷ ነው አልኩት።»

«ምን አለ?»

«መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በጣቱ ገፋ አደረጋት፤ ሄደች። እንደገና ገፋት። ታዲያ አሁን የት ደርሳለች አለኝ። አሸዋ ይዟታል አልኩት። ስትወጣ ንገረኝ ብሎ አሰናበተኝ።»

አባቴ ይህንን ከእኔ ጋር ገና መስማቱ ነበር። መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ ይጠርግ ጀመር። እናቴ ሰሌኑ ላይ ያለውን የጋሽ ሙላውን እጅ ያዘች። እኔ ግን ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። በስምንት ዓመቴ ቆርቆሮዬ በበላይ ፊት ቀረበች ብዬ ብቻ ነው ከተማ ያመስኩት። የአባቴን እንጀራ ማትረፏን ባውቅ ኖሮ ማን ይችለኝ ነበር?

እትዬ ሀሊማ መርፌውን ሰጠችኝ። እስከ ዝምታዋ ቦታ ድረስ የቀረችውን ጥቂት መንገድ ሰፋሁና ቋጠርኩት። መንገዱ በሙሉ አወቀ በአንድ ጠዋት የሚጨርሰው ነው፤ ግን ቀድሞን የሄደበት ማንም የለም። ቆርቆሮዋን ቋጠሮው ላይ አቆምኳት።

ጋሽ ሙላው አቡጀዲውን ከዳር እስከ ዳር አየው።

«እሺ፣ ቀጥሎ የምትሄደው ወዴት ነው?» አለ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለ አባቴ። «መሪያችን ያችውልህ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እሱን ገና አልነገሩንም» አልኩ።

ጀማውን በሙሉ ባንድ ጊዜ ሳል ያዘው።